ባዶ ብዬ የፈረምኩባቸው

መሳፍንት በሩን እንድዘጋበት ሁለት ጊዜ ለምኖኛል። ሁለቴም እምቢ አልኩት።

በወደቧ ከተማ፣ አርሂባ በሚባል ሰፈር፣ አንድ ክፍል እንጋራለን። እሱ ወደብ ላይ ጭነት ያራግፋል። እኔ ከወደቡ አጠገብ ባለ አንድ ግቢ ባዶ ኮንቴይነር እፈትሻለሁ። ወደ መርከብ ከመሄዳቸው በፊት እያንዳንዱን ከፍቼ ውስጡን አያለሁ፣ መልሼ እቀረቅራለሁ፣ ወረቀቱ ላይ «ባዶ» ብዬ እፈርማለሁ። ኮንቴይነር ከውስጥ አይቀረቀርም። ስለዚህ ተደብቆ በመርከብ መሄድ የፈለገ ሰው ከውጭ የሚዘጋበት ወዳጅ ያስፈልገዋል።

ሐሳቡን ጭንቅላቱ ውስጥ የከተተችው ጌሟ ናት። ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከልባሽ ዕቃዎች መሃል ያገኘናት፣ ከመዳፍ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር የጌም መጫወቻ። ጨዋታው ውስጥ አንድ ወታደር ብቻውን የጠላት ሰፈር ይገባል። መተኮስ ብዙም አይጠቅመውም፤ ጥበቡ አለመታየት ነው። ዘበኛ ሲመጣ የብረት ሳጥን ውስጥ ገብቶ ትንፋሹን ይውጣል። ዘበኛው ካየው ጭንቅላቱ ላይ ቀይ ቃለ አጋኖ ብቅ ይልና «ኪ ቫ ላ!» ብሎ ይጮኻል፤ በፈረንሳይኛ ማነው እዚያ ማለቱ ነው። ወታደሩ ዘበኛውን ማሳሳት ሲፈልግ ደግሞ ብረት ያንኳኳል። ሁለት ጊዜ፣ ቆም፣ አንድ ጊዜ።

«አየህ» ይለኛል መሳፍንት፣ «ሰው ከታገሠ ሳጥን ውስጥ ሦስት ቀን ይቆያል።»

«ወታደሩ ውሃ አይጠማውም። አንተ ይጠማሃል።»

«ኪ ቫ ላ! አንተ ልጅ ስትፈጠርም ዘበኛ ነህ።»

«አዎ ነኝ። ያ ብረት በዚህ ፀሐይ እንቁላል ይጠብሳል። ሬሳህን የሚቀበለው ማነው?»

ሳቁን ያቆማል። «ጀንበሬ፣ አንድ ቀን ሳታይ ዝጋው። ሌላ ምን ጠየቅኩህ?»

ከዚያ አንድ ቀን ስነቃ መሳፍንት ፍራሹ ላይ አልነበረም። ጌሟን ትራሴ አጠገብ ትቷታል። ሥራ ገብቶ ነው ብዬ ጌሟን ኪሴ ከትቼ ወጣሁ።

አርባ ኮንቴይነር ጠበቀኝ። የመጀመሪያዎቹን ደህና አድርጌ አየሁ። ከዚያ በአንዱ ጥላ ሥር ቆሜ ጌሟን ከፈትኩ፤ መጥፎው ነገር ይሄ ነው። ወታደሩ ሳጥን ውስጥ ነበር፣ ዘበኛው ፊት ለፊቱ ቆሞ አልሄድ አለ። ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ከፈት ያደረግኩትን በር መልሼ በትከሻዬ እየገፋሁ፣ በአንድ እጄ እየቀረቀርኩ ወደሚቀጥለው አለፍኩ። ስንቱን እንደዚያ እንደዘጋሁ አላውቅም። ቀና ስል አርባ ጊዜ ፈርሜአለሁ።

ሰባት ሰዓት ሆነ። ጫት ገብቶ ከተማው ጭጭ የሚልበት ሰዓት። ሾፌሮቹ በየመኪናቸው ሥር ተጋድመዋል። ባትሪዋ አልቆ ጌሟ ድርግም አለች፤ ጥቁሩ መስታወት ላይ የራሴ ፊት ቀረ።

ያኔ ነው ከኮንቴይነሮቹ መሃል ሲንኳኳ የሰማሁት። ሁለት ጊዜ። ቆም። አንድ ጊዜ።

መሳፍንት ጋ ደወልኩ። ስልኩ ዝግ ነው።

የግቢው ኃላፊ ማዳም ውዳድ ናት፤ እናቷ የድሬዳዋ ሰው ስለሆነች አማርኛ ትችላለች። እየሮጥኩ ቢሮዋ ገባሁ።

«ማዳም፣ አንዱ ውስጥ ሰው አለ።»

«አንተ አይደለህ ባዶ ነው ብለህ የፈረምከው?»

«ሳላይ ነው የዘጋሁት።»

«ብረት ሲግል ይጮኻል። ሰው ሲግል ደግሞ የሌለ ነገር ይሰማል።» ሰዓቷን አየች። «ማሽኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኮንቴይነሮቹን ማንሳት ይጀምራል። እስከዚያ ሁሉንም ክፈት። ሰው ከተገኘ ሥራህን እርሳው።» የውሃዋን ጠርሙስ ወረወረችልኝ። «ካገኘኸው ቀስ እያልክ አጠጣው፤ ባንዴ እንዳትሰጠው።»

ከፈትኩ። ከየበሩ የሚወጣው ወላፈን ፊቴን ይልጠዋል። አሥር፣ ሃያ፣ ምንም የለም። ሲንኳኳ ወደ ድምፁ እሮጣለሁ፤ ስደርስ ከጀርባዬ ይንኳኳል። ስዞር ደግሞ ከወዲያኛው ረድፍ። «መሳፍንት!» እላለሁ፤ የሚመልስልኝ የራሴ ድምፅ ነው። መዳፌ ውሃ ቋጠረ። ሠላሳ ዘጠነኛውን ስከፍት ማንኳኳቱ ቆመ።

አንዱ ቀረ፤ ጥግ ላይ፣ ፀሐዩ ላይ። መቀርቀሪያውን ያዝኩና እጄ እምቢ አለኝ። ዝም ያለው ለምንድነው?

ትከሻዬን የሆነ እጅ ነካኝ።

መሳፍንት ነበር። ፊቱ በእንቅልፍ አብጧል።

«ምን ሆነህ ነው? ሴትዮዋ አብዷል አለችኝ እኮ።»

በሸሚዙ አንቄ ያዝኩት። ልመታው ነበር፤ እንባዬ ቀደመኝ። «የት ነበርክ?»

«ጣቢያው ጋ ጥላ ሥር ተኝቼ።» ዓይኑን ሰበረ። «ጠዋት ልገባ መጥቼ ነበር። አንዱን ከፍቼ አንድ እግሬን እንዳስገባሁ፣ ከውስጥ ተንኳኳ። አንተ ቀድመህ ገብተህ እያሾፍክብኝ መሰለኝ። ስጠራህ ዝም። ሮጥኩ።»

«አንተ አይደለህም እንዴ ስታንኳኳ የዋልከው?»

«እኔ? አሁን መድረሴ ነው።»

«የትኛው ነበር?»

በአገጩ አሳየኝ። እጄ ያለበትን።

አብረን ሳብነው። የእንጨት ወለል፣ ዝገት፣ ሌላ ምንም የለም። ግን የወጣው አየር ቀዝቃዛ ነበር፤ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ በረደኝ። መሳፍንት ክንዴን ያዘ። የእሱም ክንድ ጠጉሩ ቆሟል።

አንገቱን አስገባና፣ በፊት እዚያ ተዘግቶበት የቀረ ሰው እንዳለ ሁሉ፣ ያኮረፈ ሰው እንደሚያባብል፣ ቀስ ብሎ ተናገረ።

«ና ውጣ፣ ወንድሜ። እዚህ የሚይዝህ የለም።»

ጠበቅን። ከዚያ መሳፍንት ጀርባውን የበሩ ክንፍ ላይ ለጥፎ፣ ለሚያልፍ ሰው እንደሚደረገው፣ መንገድ ለቀቀ።

እኔም ለቀቅኩ።