ለምሥራች የተሰጠ ቢስክሌት

ተሻለ የአምቦ ፍል ውኃ መዋኛ ዘበኛና ጠራጊ ነበር። ሰው ሁሉ ወጥቶ ሲሄድ ገንዳውን በብሩሽ ይፈትጋል፤ አዲሱ ውኃ ሲሞላ ደግሞ ብቻውን ይዋኛል። ያስተማረው ሰው የለም፤ ውኃው ራሱ አስተማረው። ሩጫም ቢሆን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቀድመው አልነበረም። ስለዚህ የከተማው ስፖርት ኮሚቴ «ዋና፣ ቢስክሌት፣ ሩጫ፤ ሦስቱም በአንድ ጠዋት» የሚል ማስታወቂያ ሲለጥፍ፣ አንደኛ የወጣውም አዲስ አበባ ክለብ ገብቶ ደመወዝ ይቆረጥለታል ሲባል፣ ተሻለ ደጋግሞ አነበበው። ከሦስቱ ሁለቱ እጁ ላይ ናቸው። የጎደለው ቢስክሌት ነው።

ያጠራቀመው ገንዘብ ለቢስክሌት ቀርቶ ለጎማውም አይበቃም። በሚችለው ጀመረ። ካረጀ የኳስ ቁምጣ የመዋኛ ቁምጣ አሰፋ። በገበያ ቀን ጊንጪ ሄዶ ከሰልባጅ ተራ ሸራ ጫማ አገኘ። ግራው ከቀኙ ይጠባል።

«ይኼኛው እኮ ጠበበኝ» አላት ሻጯን፣ ጌጤነሽ የሚሏትን ምላሰኛ።

«የሮጡበት ጫማ ይሰፋል፣ ወንድሜ። የሚጠበው ቁጭ ያሉበት ነው። ልትሮጥበት ነው ወይስ ልትዳርበት?»

ሰው ሳቀ። ተሻለ አፍሮ ሳይከራከር ከፈለና ሄደ።

በሰፈሩ ቢስክሌት ያለው አዴ ጉዴ ቤት ብቻ ነው። የልጃቸው የቀነዓ ነው። ቀነዓ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ እናቱ ቢስክሌቱን ምሰሶው ላይ ሰቅለው፣ በአሮጌ ጋቢ ጠቅልለው፣ እንዳይዝግ ሰንሰለቱን በኑግ ዘይት እያሹ ይጠብቁታል። ተሻለ ስንት ጊዜ በደጃፋቸው አልፏል፤ ለመጠየቅ ግን አፉ አልፈታ አለው።

አፉን የፈታለት የቀበሌው ተላላኪ በድሉ ነው።

«ላንተ ብቻ ነው የምነግርህ» አለው። «ቀነዓ የለም። ወረቀቱ መጥቷል።»

«እናቱስ?»

«አልሰሙም፤ ወንድማቸው ከደንዲ እስኪመጣ ነው። እሑድ ጎህ ሲቀድ የሰፈሩ ሽማግሎች፣ እነ ኦቦ ነጋሳ፣ ያረዷቸዋል። እስከዚያ ከአፍህ ቃል እንዳይወጣ!»

መርዶ እንደ ተራ ወሬ አይጣልም፤ ዘመድ ተሰብስቦ በወግ ነው የሚነገረው። ይህን ተሻለም ያውቃል። ነገር ግን ውድድሩም እሑድ ነው። ሌላም ነገር አሰበ፤ ካሰበው በኋላ አፈረበት፤ አፍሮም አልተወውም። ከመርዶው በኋላ ቢስክሌቱ በአጎትየው እጅ ይገባል፤ አጎት ደግሞ የገበያ ዋጋ ያውቃል። ዛሬ ግን ሻጯ እናት ናት።

በማግስቱ ሄደ። አዴ ጉዴ ደጃፋቸው ላይ ጤፍ ያበጥራሉ።

«ቢስክሌቱን ቢሸጡልኝ ብዬ ነበር» አለ፣ ዐይኑን መሬት ላይ ተክሎ።

«የልጄን? ሲመጣ በምን ይሂድ?»

ያኔ ተሰናብቶ መሄድ ይችል ነበር። አዴ ጉዴ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መዋኛው ጋ ከሰሜን የመጡ ቁስለኞች ሲታጠቡ ታያለህ አሉ። ስለ እሱ የሰማኸው የለም?» ብለው ጠየቁት።

«ሰምቻለሁ» አለ ተሻለ። ቃሉ እንዴት እንዳመለጠው አላወቀም። «አንዱ አብሮት ነበር። ደህና ነው አለኝ። ፈቃድም በቅርቡ ያገኛል አለኝ።»

ያሰበው ይህን ብቻ ነበር፦ ደስ ካላቸው ዋጋ ይቀንሱልኛል።

ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ። «ምነው ከበር ጀምረህ የምሥራች አላልክም! ምሥር ብላ፣ ኢልማ ኮ! ምሥር ብላ፣ ልጄ!» እልልታውን አቀለጡት። ጎረቤታቸው ደስታነሽ በአጥር ብቅ አለች። እሷም መርዶውን ሰምታ አፍና ይዛዋለች። ተሻለን አየችው፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ተመለሰች።

ብሩን ሲዘረጋላቸው አዴ ጉዴ እጁን መለሱት።

«የምሥራች ለነገረኝ ሰው ልሸጥ? ውሰደው፤ የምሥራችህ ነው። ቀነዓ ሲመጣ ሌላ ይገዛል።»

ተሻለ ቢስክሌቱን እየገፋ ወጣ። ደጃፋቸው ላይ አልጋለበውም። ከመታጠፊያው በኋላ ግን ጋለበው።

እሑድ ከገንዳው ቀድሞ የወጣው እሱ ነው። ቁምጣው እያንጠባጠበ የጉደርን መንገድ ያዘ። የአዴ ጉዴ ቤት በዚያው መንገድ ዳር ነው። እስካሁን መርዶው ተነግሮ ለቅሶው ቤት ውስጥ ይሆናል፤ አንገቴን ደፍቼ አልፋለሁ ብሎ ነበር።

አዴ ጉዴ ግን መንገዱ መሀል ቆመዋል። ነጠላቸውን እንደ ኀዘንተኛ አላዘቀዘቁም። ኦቦ ነጋሳና ሽማግሎቹ ከኋላቸው ግራ ገብቷቸው ቆመዋል። ከጎህ ጀምሮ ቢያረዷቸው፣ «ሐሰት ነው! የምሥራች የነገረኝ አለ!» እያሉ አስቸግረዋቸዋል።

«ያው መጣ!» አሉ አዴ ጉዴ። «ተሻለ! ቁምና ንገራቸው! ልጄ አለ በላቸው!»

ተሻለ ፍሬኑን ያዘ። «አለ» እንዳይል ሽማግሎቹ ፊቱ ቆመዋል፤ «የለም» እንዳይል ቢስክሌቱ ላይ ተቀምጧል። ከኋላው የሌላ ተወዳዳሪ ደወል ተሰማ። ፍሬኑን ለቀቀ። በጎናቸው ሲያልፍ የነጠላቸው ጫፍ ክርኑን ነካው።

ብዙም ሳይርቅ ጩኸታቸውን ሰማ። ሽማግሎቹ ከጎህ ጀምሮ ያልቻሉትን ተሻለ በጀርባው አረዳቸው።

ከጉደር ሲመለስ ድንኳን እየተተከለ ነበር። አሁንም አልቆመም። በዚያ ጠባብ ጫማ ሮጦ አንደኛ ወጣ፤ ሰው በትከሻው ተሸከመው።

ከሰዓት በኋላ ቢስክሌቱን እየገፋ ለቅሶው ቤት መጣ። አጥሩ ላይ አስደገፈው።

«አዴ ጉዴ፣ ልመልስልዎ ብዬ…»

አዴ ጉዴ ቀና አሉ። አልጮኹበትም፣ አልረገሙትም።

«ለምሥራች የሰጡት አይመለስም» አሉት። «ምሥር ብላ፣ ልጄ።»

ኦቦ ነጋሳ ተነሡና ቢስክሌቱን ከአጥሩ አላቅቀው እጁ ላይ አስያዙት። ተሻለ እየገፋ ወጣ።

«አንደኛ!» አለው መንገድ ላይ ያገኘው ሰው ሁሉ። «ምነው ትገፋዋለህ? ጋልበውና እንይህ እንጂ!»

ከመታጠፊያው በኋላም እየገፋው ሄደ።