ቁጥር ሃያ ሦስት

እናቴ በስልሳ አንድ ዓመቷ ማንበብ ስትጀምር ሰፈሩ በሙሉ ደስ አለው፤ ከእኔ በቀር። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ጠዋት ጠዋት «ጎበዝ እማ!» እያልኩ አጨበጭብላት ነበር። ውሸቴ እዚያ ላይ ቢያበቃ ምን ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቴ ሲሞት የቤታችንን መጽሐፍ ቅዱስ ማንበብ ለእኔ ተላለፈ። የእሱ መጽሐፍ አማርኛ ነው። እናቴ አባይነሽ ደግሞ አማርኛ የምታውቀው ለገበያ የሚበቃትን ያህል ነው፤ ፊደል በየትኛውም ቋንቋ አልቆጠረችም። ስለዚህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ምሳው እስኪደርስ ድረስ፣ ዓይኔ በአማርኛው ላይ ይሄዳል፣ አፌ በወላይትኛ ይነግራታል። ሶዶ ውስጥ እንዲህ የሚነበብበት ቤት ብዙ ነው። የሌላው ቤት አንባቢ ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። እኔ ግን ሲርበኝ አሳጥር ነበር፤ ሲሰለቸኝም እዘል ነበር።

ስሜ ትህትና ነው። ስሙን አባቴ አወጣልኝ፤ ጠባዩን ግን ከየትም አላገኘሁትም። ቂመኛ ነኝ። የምሠራው በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ነው፤ እጄ የገባ ዶሴ አይጠፋም፣ ሰው የተናገረኝም ነገር አይጠፋም።

ከሁሉም ያልጠፋው አክስቴ ቦሼ የተናገረችው ነው። ከሰባት ዓመት በፊት ያሬድ የሚባል ሰው ሊያገባኝ ፈልጎ ሽማግሌ ላከ። ሽማግሌዎቹ ሳሎናችን ውስጥ ተደርድረው ጥያቄያቸውን እንዳቀረቡ፣ የእናቴ ታናሽ እህት ቦሼ፣ ከሻንቶ ከተማ ድረስ ለዚሁ ጉዳይ የመጣችው ሴትዮ፣ ማንም ሳይጠይቃት አፏን ከፈተች። «ልጃችን ባለሙያ ናት፤ ምላሷ ግን እሳት ነው። ልጃችሁ ትዕግሥት ከሌለው አስቡበት!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እሷም ሳቀች። ዛሬ ሳስበው ቀልድ ነበር። ያሬድ ግን እውነትም አሰበበትና በስድስት ወሩ ሌላ ሴት አገባ።

እናቴ ለእኔ ብላ እህቷን ተቀየመች። «ልጄን በሰው ፊት አዋረድሻት» ብላ ሸኘቻት፤ ከዚያ በኋላ አልተገናኙም። ሁለቱ እህትማማቾች በአንድ መደብ ላይ ያደጉ፣ በየገበያው ቀን ሳይተያዩ የማይውሉ ነበሩ። እናቴ ወር ሳይሞላት መናፈቅ ጀመረች። አትናገረውም፤ ግን ከሻንቶ የመጣ ሰው ባየች ቁጥር ስለ ዝናቡና ስለ ቦሎቄው ብዙ ትጠይቃለች። ለዝናቡ እንዳልሆነ አውቃለሁ። አንጀቴ ይቃጠል ነበር። የተዋረድኩት እኔ፣ የምትናፍቀው እሷን!

እንዲህ እንዳለን አንድ እሑድ ማቴዎስ ምዕራፍ አምስት ላይ ደረስን። እናቴ እግሯን ዘርግታ ጎዳሬ ትልጣለች። ቁጥር ሃያ ሦስትን ዓይኔ ቀድሞ አየው። መባውን ይዞ የሄደ ሰው የተቀየመው ወንድም እንዳለው ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ ይሂድ፣ መጀመሪያ ይታረቅ የሚለው ቦታ ነው። እናቴ መጽሐፉ ካለ አለ ናት። ይህን ብትሰማ ቢላዋውን ጥላ ወደ ሻንቶ እንደምትሄድ፣ በማግስቱም ቦሼ ሳሎናችን ውስጥ ተቀምጣ ያንን ሳቋን እንደምትስቅ ታየኝ።

«የበደለሽ ሰው እስኪመጣ ጠብቂው» አልኩ በወላይትኛ። «ሲመጣም በርሽን ክፈቺለት።»

እናቴ ጎዳሬውን አስቀመጠች። «መጽሐፉ እንዲህ ይላል?»

«ይላል።»

«እንግዲያው እጠብቃታለሁ።»

ጠበቀቻት። ስድስት ዓመት ሙሉ። ሰባኪው ስለ እርቅ በሰበከ ቁጥር እናቴ ራሷን በእሺታ ትነቀንቃለች፤ ምክንያቱም በእሷ ቤት የታዘዘችውን እየፈጸመች ነው፣ በሯ ክፍት ነው። በየዓመቱ ለጊፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ በዓል፣ ከሥጋው መጀመሪያ የምታነሳው የቦሼን ድርሻ ነበር። «ዛሬ ብትመጣስ» ትላለች። በሦስተኛው ቀን ድርሻውን ለቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ ትሰጠዋለች። እኔም አያለሁ። በእነዚህ ዓመታት ማቴዎስን ሦስት ጊዜ ደጋግመን አነበብን። ሦስቱንም ጊዜ ያንን ቦታ እንደ መጀመሪያው አነበብኩት፤ በሁለተኛው ጊዜ ቂሜ ቀዝቅዞ ነበር፣ በሦስተኛው ጊዜ ጭራሽ አልነበረም። ግን ውሸት አንዴ ከተናገሩት ወዲያ ለመመለስ ያሳፍራል።

ባለፈው ዓመት ቤተ ክርስቲያናችን ለጎልማሶች የንባብ ትምህርት ከፈተች። አስተማሪዋ ሜሪ ናት፤ ትዕግሥቷ ማለቂያ የለውም። እናቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ደብተሯን በፌስታል ይዛ መሄድ ጀመረች። በወላይትኛው የላቲን ፊደል ነው የተማሩት፤ በሰባት ወሯ ቃል መግጠም ቻለች። ሜሪ የወላይትኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሰጠቻትና ለጀማሪ የሚሆነውን ምክር አብራ ሰጠቻት፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ትንሽ ትንሽ፣ በጣት እየተከተሉ፣ ያልገባውን በእርሳስ ምልክት እያደረጉ። ለመጀመሪያ ማርቆስ ጥሩ ነው፣ አጭር ነው አለቻት።

«ማቴዎስን ነው የማነበው» አለች እናቴ።

«ለምን እማ? ሜሪ ማርቆስ አላለችሽም?» አልኩ፤ ድምፄን እኔ ራሴም አላመንኩትም።

«ማቴዎስን በጆሮዬ አውቀዋለሁ። ጣቴ ሲጠፋበት ጆሮዬ ይመራዋል። አንቺ ነሽ ያስለመድሽኝ።»

በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ፣ ወደ ሥራ ከመውጣቴ በፊት፣ ሦስት ሦስት ቁጥር ማንበብ ጀመረች። የመጀመሪያው ምዕራፍ የስም ዝርዝር ነው፤ እኔ ሳነብላት «ብዙ ሰዎች ተወለዱ» ብዬ ነበር ያለፍኩት። በሁለተኛው ቀን መነጽሯን አውልቃ በሳቅ ፈረሰች።

«አንቺ ሰነፍ! ይህን ሁሉ ሰው ውጠሽብኝ ነው? የሰው ዘር ይዘለላል? ሴቶችም አሉበት እኮ!»

«እርቦኝ ነበር እማ።»

«ሌላስ ምን ውጠሽብኛል?»

እየሳቀች ነው የጠየቀችው። እኔም ሳቅሁና ወደ ቢሮ ሄድኩ። እዚያም ዶሴውን ትቼ በስልኬ ላይ የማቴዎስን ቁጥሮች መቁጠር ጀመርኩ። እስከ ምዕራፍ አምስት ቁጥር ሃያ ሦስት ድረስ መቶ አሥራ ሦስት ቁጥር አለ፤ በቀን ሦስት ከሆነ ሠላሳ ስምንት ቀን። በዚህ መካከል ልነግራት እችል ነበር። በየቀኑ ነገ እላለሁ። መነጽሯን አንድ ቀን ደበቅሁት፤ ሲከፋት አይቼ ራሴው «አገኘሁልሽ» ብዬ መለስኩላት። አመሰገነችኝ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ወደ ቢሮ የሚወስደኝ ባጃጅ በር ላይ ጥሩምባውን ይነፋል። እናቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጣቷን ታስኬዳለች። ጣቷ ቆመ። ወደ ኋላ ተመለሰ። እንደገና ሄደና እዚያው ቆመ።

«ትህትና፣ እዚህ ጋ ተሳሳትኩ መሰለኝ» አለች። «ሂድ የሚል ነው የሚመስለኝ። ጠብቅ አልነበር የሚለው?»

የወላይትኛውን ገጽ ዘረጋችልኝ። የእናቴ ጣት ከቃሉ ሥር ነበር፤ በትክክለኛው ቃል ሥር። አንዲት ፊደል አልሳተችም። ለሠላሳ ስምንት ቀን የፈራሁት ተናዳ እንዳትነሳብኝ ነበር። የራሷን ዓይን ትታ እኔን ታምናለች ብዬ ግን አላሰብኩም።

ባጃጁ ደግሞ ነፋ።

«አዎ እማ፣ ተሳስተሻል» አልኩና ወጣሁ።

ማታ ስመለስ መጽሐፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። «ዓይኔ ያልተጻፈ ማንበብ ጀምሯል» አለችኝ። «እንዲህ ካነበብኩ ኃጢአት ውስጥ እገባለሁ።» ቅዳሜ ትምህርቷን ቀረች። ሜሪን ገበያ መንገድ ላይ አገኘኋትና እጄን ይዛ አልለቅ አለችኝ። «እትዬ አባይነሽ ምን ሆኑ? ከክፍሉ እንደ እሳቸው የሚያነብ የለም እኮ! በእሳቸው ትልቅ ተስፋ ነበረኝ።» አሟታል አልኳት። ያንን ስል ራሴን ተጠየፍኩት። እህቷን ነጥቄያት ስድስት ዓመት ኖርኩ፤ አሁን ደግሞ በስልሳ አንድ ዓመቷ ያገኘችውን ዓይን ነጠቅኋት።

በማግስቱ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ የአባቴን መጽሐፍ አምጥታ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው። «እንደ ድሯችን አንቺ አንብቢልኝ። ያንቺው ይሻለኛል» አለች። ወጡ ተጥዷል፣ ቆጮው ተከድኗል። መጽሐፉን ከፈትኩት፤ መልሼ ዘጋሁት።

«አልተሳሳትሽም» አልኳት።

«ምኑን?»

«ሐሙስ ያነበብሽው ልክ ነው። ሂድ ነው የሚለው። ትቶ ይሂድ፣ ይታረቅ። ጠብቂ የሚለውን እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ቦሼ እንዳትመጣብሽ ብዬ … እንዳትመጣብኝ ብዬ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴ አላለቀሰችም፣ አልጮኸችምም። ተነስታ ወንበር አስጠጋችና ቁም ሣጥኑ ላይ ያለውን መጽሐፏን አወረደች፤ ጨርቁን ፈታች፤ ገጹን ራሷ አገኘችው። ከዚያ ጠቋሚ ጣቴን ይዛ ከመጀመሪያው ቃል ሥር አስቀመጠችው። «አንብቢ።» እጄን ሳትለቅ፣ በአንደኛ ክፍል ልጅ ፍጥነት፣ ቃል በቃል አስነበበችኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ።

«ሦስቱንም ጊዜ?»

«ሦስቱንም ጊዜ።»

ነጠላዋን አነሳች። ወጡ ከነእሳቱ ቀረ፤ እኔ ነኝ ሮጬ ያወረድኩት። ተከትያት መናኸሪያ ሄድን፤ ሚኒባሱ ውስጥ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ነበር። አጠገቧ መቀመጤን ግን አልከለከለችኝም።

ሻንቶ ስንደርስ አክስቴ ቦሼ ደጃፏ ላይ ቦሎቄ ትለቅማለች። ጸጉሯ ነጥቷል፤ አንድ ዓይኗም ሞራ ለብሷል። እናቴን በድምፅ እንጂ በመልክ ወዲያው አላወቀቻትም። እናቴ ታላቅ እህት ሆና ሳለ እግሯ ላይ ወደቀች።

«ይቅር በይኝ ቦሼ። ዘገየሁብሽ።»

«እኔ ነኝ እንጂ! አፌ ነው እንጂ!» ቦሎቄው ተበተነ። ተቃቅፈው መሬት ላይ ተቀመጡ። «ሁለቴ በርሽ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ፤ ብታባርሪኝስ ብዬ። አንቺን ግን ምን ያዘሽ? እስከ ዛሬ ምን ያዘሽ እህቴ?»

እናቴ አየችኝ። የማውቀውን ሁሉ ጸሎት በአንዴ ጸለይኩ፤ ንገሪያት ብዬ ይሁን አትንገሪያት ብዬ ለራሴም አልገባኝም።

«ማንበብ አልችልም ነበር» አለች እናቴ። «ዘንድሮ ነው የተማርኩት።»

ቦሼ አልገባትም፤ ግን በደስታ እጇን አጨበጨበች። ከዚያ ደህና ዓይኗን ወደ እኔ አዞረችና አንገቴን ጎትታ ሳመችኝ። «አንቺ ነሽ ያስተማርሻት? ያኔ ሽማግሌ ፊት ያንን ተናግሬሽ እንኳ … ተባረኪ ልጄ። እህቴን መለስሽልኝ፣ ተባረኪ።»

አይደለሁም ማለት ነበረብኝ። እናቴ ጭንቅላቷን በትንሹ ነቀነቀች፤ ዝም በይ ነው። ዝም አልኩ። ምርቃቱን ተቀበልኩት።

አሁን ሁለቱ እህትማማቾች በየሳምንቱ ይገናኛሉ። እናቴ ማቴዎስን ጨርሳ ማርቆስን ጀምራለች፤ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ይቅር ብላኛለች፤ በዚያኑ ማታ ነግራኛለች፣ እናቴ ደግሞ እንደ እኔ አይደለችም፣ ያልሆነውን አትናገርም። ባለፈው ሳምንት ከቀበሌ በአማርኛ የተጻፈ ደብዳቤ መጣላት። አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። እጄን ዘረጋሁ። እናቴ ወረቀቱን አጥፋ ያዘችና ወጥታ ጎረቤታችንን ጋሽ ጦናን በአጥር ጠራቻቸው። ጡረተኛ ናቸው፤ መነጽራቸውን አጥልቀው እያንዳንዱን መስመር በወላይትኛ ነገሯት። በሩ ላይ ቆሜ ሰማሁ። አንዲት ቃል አልዘለሉም።