ለሁሉም የተከፈተ ማህደር

ሾፌሩ ምዋንሳ የምሳውን ንሺማ፣ ያን ጠንካራ የበቆሎ ገንፎ፣ በእጁ እየጠቀለለ፣ "ባ ሙቲንታ፣ ነገ ጠዋት ቺላንጋ ነን አይደል? ሰማያዊው በር። ነዳጁን ዛሬውኑ ልሙላ ብዬ ነው" አላት፤ እንደ ቢሮው ሰው ሁሉ «ባ» ብሎ በአክብሮት ነው የሚጠራት።

ሙቲንታ እጇ ሳህኑ ላይ ቀረ። ስለ ሰማያዊው በር ማወቅ የነበረባቸው እሷና ጠበቃው ሲሙኮንዳ ብቻ ነበሩ። ማን እንደነገረው ስትጠይቀው ግራ ገባው። ማንም አልነገረኝም፣ ከጠዋት ጀምሮ ስልኬ ላይ አለ፣ የላኩልን እርስዎ አይደሉም እንዴ አላት።

ሉሳካ መሃል ባለው በዚያ ትንሽ የጥብቅና ቢሮ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በጸሐፊነት ስትሠራ የሁሉም ቀጠሮ በእሷ ጥቁር ደብተር ላይ ነበር። ባለፈው ሳምንት ሲሙኮንዳ አንዱ ሲታመም ሌላው እንዲተካው ብሎ ቀጠሮው፣ የደንበኞች ስልክና አድራሻ፣ የኢሜይል ማህደሩም ሳይቀር ሠራተኛው ሁሉ የሚያየው እንዲሆን አዘዘ። ሙቲንታም ዛሬ ጠዋት ማህደሮቹን አንድ በአንድ መክፈት ሲሰለቻት ሁሉንም ባንዴ መረጠችና ለሁሉም ከፈተቻቸው። የናማካው ማህደር መሃላቸው መኖሩን ልብ አላለችም።

ናማካው የሃያ ዓመት ልጅ ናት። በአንድ የጭነት መኪኖች ባለቤት ቤት ተቀጥራ ስትሠራ ሰውየው ዘበኛውን ደብድቦ ሲገድለው በኩሽናው መስኮት አይታለች። ነገ ጠዋት ሰውየው በዋስ ልፈታ ባለበት ችሎት ቀርባ ልትመሰክር ነው። የሟች ቤተሰብ ጠበቃ የሆነው ሲሙኮንዳ እስከዚያው ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ቺላንጋ ክፍል ተከራይቶ ደብቋታል።

ሙቲንታ ሮጣ ማህደሩን ዘጋችው። ግን የታየ ነገር ተመልሶ አይደበቅም። ከምዋንሳ ሌላ ሦስት ሰው ሊያየው ይችል ነበር፤ ተላላኪው፣ የሒሳብ ሠራተኛውና መዝገብ ቤት የምትሠራው ቺሉፍያ። የቺሉፍያ ባል ደግሞ የባለ መኪናው የእህት ልጅ ነው፤ ይህን ቢሮው ሁሉ ያውቃል።

መዝገብ ቤት ስትደርስ የቺሉፍያ ወንበር ባዶ ነበር። ቦርሳዋ የለም። ስልኳ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ቀርቶ ይንቀጠቀጣል፤ የባሏ ስም እየበራ ይጠፋል፣ እንደገና ይበራል።  ስልኳን እንኳ ረስታ የሮጠችው ለምን ይሆን?

ሲሙኮንዳ ነገሩን ሲሰማ አልጮኸም። "ማን ነው ያየው?" ብሎ ብቻ ጠየቃት።

"ቺሉፍያ ናት" አለችው። የሌሎቹን ስም አላነሳችም።

ፖሊስ ጣቢያ ደወለ፤ የቺሉፍያን ስም ሰጣቸው፤ መኪና ሲገኝ ሰው እንልካለን አሉት። የናማካው ስልክ አይሠራም። እሱ ችሎት ስለነበረበት ሙቲንታን ከምዋንሳ ጋር ላካት። መንገዱ በጭነት መኪና ተዘግቶ ነበርና ሙቲንታ እያንዳንዱን መኪና የሰውየው እየመሰላት ሄደች። ምዋንሳም እንደወትሮው አልቀለደም።

ሰማያዊው በር ጋ ሲደርሱ አንድ ነጭ ፒካፕ ቆሟል። ሁለት ወንዶች በር ላይ በቆሎ በሰፌድ ከምታበጥር አሮጊት ጋር ያወራሉ። ምዋንሳ ሳይቆም አልፎ ጥግ ላይ አቆመ። ሙቲንታ በኋላ መስኮት አየች። አሮጊቷ ሰፌዱን ማንቀሳቀስ እንኳ አላቆመችም። ከሁለቱ አንዱ ወደ ግቢው ገብቶ ወጣ። ከዚያ ፒካፑ አቧራውን አስነስቶ ሄደ።

ሙቲንታ ስትቀርብ አሮጊቷ ቀና ሳትል፣ እዚህ ሴት ልጅ የለችም፣ ለእነዚያም ነግሬያቸዋለሁ አለች። ሙቲንታ የቢሮ መታወቂያዋን አሳየቻት። አሮጊቷ ስሙን ፊደል በፊደል አነበበችው።

"ይህን የመሰለ የያዘች ሴት እኩለ ቀን ሳይሆን መጥታ ይዛት ሄደች። ጫማ እንኳ አላስደረገቻትም" አለች። "ሙቲንታ የምትባል ከመጣች ብቻ ካፉዌ እናቴ ቤት ናት ብለሽ ንገሪያት ነው ያለችኝ።"

ካፉዌ፣ የቺሉፍያ እናት ቤት፣ የደረሱት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው። ናማካው በባዶ እግሯ ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ ለውዝ ትፈለፍላለች። ቺሉፍያ ሙቲንታን ከቤቱ ጀርባ ወሰደቻት።

"ባሌ የቢሮዬን ኢሜይል ራሱ ስልኩ ላይ አስገብቶታል" አለች። "ማህደሩ ሲከፈት ቀድሞ ያየው እሱ ይሁን እኔ አላወቅሁም። እርስዎና አለቃ በር ዘግታችሁ ስብሰባ ላይ ነበራችሁ፤ እስክትወጡ ልጠብቅ አልቻልኩም። ስልኬን ከያዝኩ ደግሞ የት እንዳለሁ ያይበታል።"

 ሙቲንታ ባትናገረው እንደማይቀልላት አወቀች።

"ሲሙኮንዳ ማን አየው ብሎ ሲጠይቀኝ የጠራሁት የአንቺን ስም ነው።"

ቺሉፍያ አየቻት። "ፖሊስም ሰምቷል?"

"ሰምቷል።"

"እንግዲያው አሁኑኑ መልሰው ይደውሉላቸው" አለችና ናማካው ወዳለችበት ገባች።

ናማካው በማግስቱ መሰከረች። ሁለት ጊዜ ድምፅዋ ተቆረጠ፤ ግን ያየችውን አልቀነሰችም። ዳኛው የሰውየውን የዋስትና መብት ነፍገው ወደ እስር ቤት መለሱት።

ሙቲንታ ማህደሮቹን በሙሉ ዘግታ፣ ማን ምን ማየት እንዳለበት ከሲሙኮንዳ ጋር አንድ በአንድ እየተነጋገሩ እንደገና ከፈተቻቸው። ሦስት ቀን ፈጀባት። ቺሉፍያ ወደ ባሏ አልተመለሰችም፤ ከእናቷ ቤት በሚኒባስ እየተመላለሰች መሥራቷን ቀጠለች። ለሙቲንታ ጠዋት ጠዋት ሰላምታ ትሰጣለች፤ ምሳዋን ግን ለብቻዋ መብላት ጀመረች። ሙቲንታ ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሁለቱንም ጊዜ ቺሉፍያ "እሺ፣ ባ ሙቲንታ" ብላ ወደ መዝገቧ ዞረች።