ከነጂው ጎን የተቀመጠችው

አጥናፉ ተክለጻድቅ የሚነዳትን መኪና የሞፈር ውሃ ቁልቁለት ወገብ ላይ አስቆመና ወረደ። በሩን ቀስ አድርጎ ዘግቶ፣ «ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልኝ፤ ከዚህ ወዲያ በእግሬ ነው» አለ። ከዚያ ጋቢውን ተከናንቦ ወደ መሐል ሜዳ የሚመልሰውን ዳገት ተያያዘው። ተክለጻድቅ ስሙን እየጠራ ቢለምነው ዞሮም አላየው።

አማከለች ይህን የሰማችው ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ነው። ባሏ ተክለጻድቅ ደጃፍ ላይ ቁጢጥ ብሎ የእጁን ግራሶ በጋዝ እያስለቀቀ ነገራት። ደስ አላት። ደስታዋን እንዳያይባት ፊቷን አዙራ ልጇን ኮከቤን ታቅፋ ወደ ውስጥ ገባች። በመኪና እሽቅድምድም ነጂ ብቻውን መወዳደር አይፈቀድለትም፤ ከጎኑ መንገድ የሚነግረው ሰው ያስፈልገዋል። አጥናፉ ከሸሸ ዘንድሮ ቀረ ማለት ነው፣ ተመስገን፣ ብላ አሰበች።

ተክለጻድቅ የጭነት መኪና ነጂ ነበር። ከመንዝ ገብስና የበግ ቆዳ ጭኖ አዲስ አበባ ያወርዳል፤ ሲመለስ ጨውና አቡጀዲ ያመጣል። ከስድስት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ የመኪና እሽቅድምድም አይቶ ከመጣ ወዲህ ግን ሌላ ሰው ሆነ። «እንጀራዬ ይኼ ነው» አለ። ተገልብጣ የተጣለች ትንሽ ጣሊያን ሠራሽ መኪና ገዛ። ሞተሯን ለማሳደስ ከአባቱ የወረሳቸውን በሬዎች ሸጠ፤ እርሻውን ወለድ አግድ አስያዘ። መጀመሪያ ሊመዘገብ ሲሄድ «የሚደግፍህ ድርጅት የታለ?» ብለው መለሱት። በዓመቱ ተመልሶ ሄደ፤ ተቀበሉት፤ ሞተሩ ነደደ። በሦስተኛው ከሁሉም ኋላ ገባ። ሁልጊዜም መኪናዋን በጭነት መኪናው እየጎተተ ይመለሳል፤ ሁልጊዜም ከራሱ ኪስ እንደገና ይጀምራል።

አማከለች በእነዚያ ዓመታት ፍርሃትን እንደ ደዌ ለምዳው ነበር። ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ዳገት የሚወጣ መኪና ድምፅ ከሰማች ጠመኔው እጇ ላይ ይቆማል። ሞተሩ ሲታፈን ትንፋሿ አብሮ ይታፈናል። ኪዳነ ወልድ የሚባል ጎረቤታቸው፣ እሱም ነጂ፣ አምና እዚያው ሞፈር ገደል ገብቶ ሲሞት ሚስቱ መሬት ላይ ስትንከባለል አይታለች። ከልቅሶው ስትመለስ የራሷን ልቅሶ ሰምታ የመጣች መሰላት።

የዚያን ዕለት ማታ ተክለጻድቅ እራቱን ሳይነካ፣ «አንቺ አለሽ» አላት።

«ለምኑ?»

«ከጎኔ ለመቀመጥ። መንገዱን ታውቂዋለሽ። ትምህርትሽም ከአጥናፉ ይበልጣል።»

«አብደሃል!»

«አማኬ፣ ዘንድሮ ካለፈ አለፈ። አንድ የአዲስ አበባ መኪና ነጋዴ እስከ አምስተኛ የሚገባውን በደመወዝ ልቅጠር ብሏል። ውድድሩ ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር አድርጎ እዚሁ መሐል ሜዳ ደርሶ ይመለሳል። በገዛ መንገዴ ላይ ካልቻልኩ የት እችላለሁ?»

እምቢ አለች። ሳምንት ሙሉ እምቢ አለች። በኋላ ግን አንድ ሐሳብ መጣላት፦ ሌላ ደፋር ጎረምሳ ከጎኑ ቢያስቀምጥ በርታ፣ ንዳው ነው የሚለው። እኔ ከሆንኩ ግን ቀስ በል እለዋለሁ። በዚህ ብቻ እሺ አለች። አማቷ ወይዘሮ ወለተኪዳን ሲሰሙ ኮከቤን ወደ ጭናቸው ስበው፣ «ሁለታችሁም? ይቺን ልጅ ለማን ብላችሁ?» አሉ። አማከለችም «እማማ፣ እርስዎ ይጸልዩልን» ብላ ወጣች።

ውድድሩ በኅዳር ወር ነበር። ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይለቅ ከደብረ ብርሃን ተነሡ። አማከለች እያንዳንዱን ኩርባ በቃሏ ይዛዋለች፤ «ግራ፣ ጠባብ። ቀኝ፣ ገደል አለው። ቀስ በል!» ትላለች። እሱ አንዳንዴ ይሰማታል፣ አንዳንዴ አይሰማትም። ጣርማ በር ላይ ጉሙ መንገዱን ሲውጠው ዓይኗን ጨፍና ለመጮህ ፈለገች፤ ግን ዓይኗን ከጨፈነች ኩርባውን ማን ይነግረዋል? እግሮቿን ወለሉ ላይ ተክላ፣ ከንፈሯን ነክሳ አየች። መሐል ሜዳ ሲደርሱ ተማሪዎቿ መንገድ ዳር ተኮልኩለው «እትዬ አማከለች!» እያሉ ይጮኻሉ። አንገቷ ደርቆ ዞራ ልታያቸው አልቻለችም። ከወይዘሮ ወለተኪዳን ጀርባ ላይ ግን የኮከቤን ቀይ ሻሽ በዓይኗ ጠርዝ ያየች መሰላት።

ሲመለሱ አራተኛ ነበሩ። የሞፈር ውሃን ቁልቁለት ጀመሩት። ሁለተኛው ኩርባ ላይ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ድንጋይ ቋ! አለ። ወዲያው የተክለጻድቅ እግር ፍሬኑን ደጋግሞ ሲረግጥ አየች። ፍሬኑ እስከ ወለሉ ድረስ ገባ። የባሏ ፊት አመድ መሰለ።

«ምንድነው?»

«ኩርባውን ንገሪኝ።»

«ተክሌ፣ ፍሬኑ—»

«ኩርባውን ንገሪኝ!»

«ቀኝ» አለች፤ ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ ሆነባት። «ቀኝ፣ ረጅም። ከዚያ ግራ፣ ጠባብ፣ በጣም ጠባብ።»

ማርሹን ቀነሰ፤ ሞተሩ እንደ አውሬ አገሳ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ፤ የላስቲክ ሽታ መጣ፣ ፍጥነቷ ግን አልበረደም። በግራ በኩል ገደሉ አፉን ከፍቷል፤ ከታች የወንዙ ውሃ ክር አክሎ ይታያል። «ወደኔ ተጠጊ!» ብሎ ጮኸና መሪውን ወደ ተራራው ሰበረ። የእሷ በር ከዐለቱ ጋር ተፋተገ። መስተዋቱ ተሰባብሮ ጭኗ ላይ ፈሰሰ፤ ብረቱ እየተቀደደ ጮኸ። ትከሻውን አቅፋ «ግራ! አሁን ግራ!» ትላለች። የኮከቤ ስም አፏ ውስጥ አለ፤ ግን አልጠራችውም፤ ከጠራችው ኩርባው ይጠፋባታል።

ከታች መንገዱ ለጥ አለ። መኪናዋ ድልድዩን ተሻግራ ማዶ ያለውን አቀበት ትንሽ ወጣችና በራሷ ቆመች። አማከለች በመስኮቱ ወጥታ ጎማው ሥር ድንጋይ አስገባች፤ ከዚያ እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል ተክለጻድቅ ግንባሩን መሪው ላይ ደፍቷል። ጣቶቹ ከመሪው አልላቀቅ ብለውት ነበር። አንድ በአንድ ፈታችለት።

«ፈራህ እንዴ?» አለችው።

«መች ሳልፈራ ነድቼ አውቃለሁ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ?»

«ስድስት ዓመት ሙሉ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ እንድነዳ ትፈቅጂልኝ ነበር?»

በጥፊ ልትለው እጇን አነሣች፤ መልሳ አወረደችው። ይህን ሁሉ ዘመን እሱ ፍርሃት የማያውቅ መስሏት ለሁለቱም እሷ ስትፈራ ኖራለች።

ተክለጻድቅ መኪናዋ ሥር ተጋድሞ ገባ። ወደ አንዱ የኋላ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ቧንቧ ድንጋዩ ቆርጦት ነበር። የተቆረጠውን ጫፍ አጥፎ በመዶሻ ደፈነና የያዘውን የፍሬን ዘይት ጨመረበት። «በሦስቱ እግር ትይዛለች» አለ። በዚህ መሐል ሁለት ተወዳዳሪዎች አቧራ አልብሰዋቸው አለፉ። እሱ ትኩር ብሎ አያትና፣ «በእግርሽ እንሂድ ካልሽ እንሄዳለን» አላት። የምሩን ነበር።

አማከለች ወደ ገደሉ፣ ከዚያም ወደ ተቦጫጨቀው በር አየች። «ቀስ በል ስልህ ትሰማኛለህ?»

«እሰማለሁ።»

በእሱ በር ገብታ ወደ ወንበሯ ተሻገረች። ደብረ ብርሃን ስድስተኛ ሆነው ገቡ። ነጋዴው ከአምስተኛው ወዲያ ያለውን ዞሮም አላየ።

ተክለጻድቅ እንደገና ወደ ጭነት መኪናው ተመለሰ። ገብስ፣ ቆዳ፣ ጨው። አማከለችም ከደመወዟ እየቆጠበች ለመኪናዋ በርና ጎማ ገዛች፤ ለምን እንደምትገዛ ራሷም አልገባትም። በዓመቱ አብረው ሄዱ፤ እንደ ድሮዋ እየፈራች ኩርባውን ነገረችው፣ እሱም ሰማት። አራተኛ ገቡ። ነጋዴው ቀጠረው፤ አዲስ መኪና ሰጠው። ከጎኑም ከራሱ ጋራዥ አንድ ልምድ ያለው ሰው አስቀመጠለት። «እሜቴ ከእንግዲህ ይረፉ» አለ ነጋዴው እየሳቀ።

የመጀመሪያው የደመወዝ ውድድር ወደ ዓለም ከተማ፣ በጀማ ገደል በኩል ነበር። አማከለች ያን ዕለት አስተማረች። ጀማን አታውቀውም፤ ስንት ኩርባ እንዳለው፣ ገደሉ በየት በኩል እንደሆነ አታውቅም። መኪናው ውስጥ ሳለች ፍርሃቷ ሥራ ነበረው፤ አሁን ሥራ ፈትቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ። ልጆቹን ንባብ እንዲያነቡ አዝዛ በመስኮቱ ውጭ ውጭውን አየች። ከሰዓት በኋላ ስልክ ቤት ሄዳ ከስልከኛው ፊት አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ በጮኸ ቁጥር ትነሣለች፤ ለሌላ ሰው ነው፣ ትቀመጣለች። ስልከኛው አዝኖላት ውሃ አቀረበላት፤ ተቀብላ አግዳሚው ላይ አስቀመጠችው።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል «አማከለች፣ ላንቺ ነው» አላት። ስልኩን ከእጁ ቀምታ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው።

«ገብቻለሁ» አለ ተክለጻድቅ ከሩቅ፣ በተቆራረጠ ድምፅ። «ሦስተኛ።»

ስልኩን እንደያዘች ግድግዳውን ተደገፈች።

«አማኬ? ትሰሚኛለሽ?»

«እሰማለሁ። ለነጋዴው ንገረው፤ ዳግመኛ ያለ እኔ አትነዳም።»

«ሰውየው እሺ አይልም።»

«ነገ ተሳፍሬ መጥቼ እኔው እነግረዋለሁ።»

ሄደችም፤ ነገረችውም። ነጋዴው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተቆጣ፣ በመጨረሻ ተክለጻድቅ የመኪናውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ ሲያስቀምጥለት እሺ አለ። ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመት አብረው ተወዳደሩ። በየውድድሩ ጠዋት፣ ሞተሩ ሲነሣ፣ የእሷም እጅ የእሱም እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር።