ከአራተኛ ፎቅ የወረደው ፌስታል

የብሎካችን የጽዳት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነኝ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬ ጡረታ ስወጣ ጎረቤቶቼ «እትዬ ዘርፉ ይቆጡልን» ብለው መረጡኝ። እኔም አላሳፈርኳቸውም፤ ቆሻሻ በመስኮት የጣለ ሁሉ ምላሴን ቀምሷል።

እንግዲህ ልናገረውና ይውጣልኝ። በመስኮት ከሚጥሉት አንዷ እኔው ነበርኩ።

የምኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። እስከ መሬት ስልሳ አራት ደረጃ አለ፤ ጉልበቴ አንድ በአንድ ያውቃቸዋል። ሕንፃውን የነደፈው ሰው፣ እግዜር ይይለትና፣ የቆሻሻ ገንዳውን ከጀርባ፣ ከአጥሩ ጥግ ወስዶ አስቀመጠው። የወጥ ቤቴን መስኮት ደግሞ ልክ ከቦዩ በላይ ከፈተው። በናዝሬት ሙቀት የመቂ ቲማቲምና የሽንኩርት ልጣጭ ቤት ውስጥ ሁለት ቀን አይቀመጥም። ጉልበቴ የባሰበት ዕለት፣ የመግሪብ አዛን ሲል፣ ፌስታሉን ቋጠርኩና ለቀቅኩት። በሳምንቱ ደገምኩ። ከዚያማ ልማድ ሆነ። ጠዋት ብቅ ብዬ ሳይ ቦዩ ንጹሕ ነው፤ ውሻ ጎትቶት ይሆናል እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ።

አንድ እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ፈውዚያ ጎህ ሲቀድ ፌስታል ይዛ ቦዩ ውስጥ ተገኘች፤ «ስትጥል ተያዘች» ተባለ። ፈውዚያ ሁለተኛ ፎቅ የተከራየች የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ሁለት ልጆች ታሳድጋለች። አከራይዋ ሱሩር ፌስታሉን እንደ ዋንጫ ከፍ አድርጎ አሳየን።

«ኮሚቴው ጥፋተኛ ናት ካለ፣ በወሩ መጨረሻ ቤቴን ትለቅልኛለች» አለ።

ፌስታሉ የታሰረበትን ሰማያዊ ክር አየሁት። ለልጅ ልጄ ሹራብ ስሠራ የተረፈኝ ክር ነው።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኸው ነው። ሁሉም ዓይኑን እኔ ላይ ተክሎ ፍርዴን ይጠብቃል። ፈውዚያ መሬት መሬት ታያለች፤ አንዲት ቃል አልወጣትም። አልዋሽም፣ ዝም ልል ሞክሬ ነበር። ትንሿ ልጇ የእናቷን ቀሚስ ይዛ «እማ፣ የት ልንሄድ ነው?» ስትል ግን አልቻልኩም።

«የእኔ ነው!» አልኩ። «የጣልኩትም እኔ ነኝ።»

ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። ከምድር ቤቱ ነዋሪ ከግንበኛው መርዳሳ ስድብ ስጠብቅ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና ተነሣ።

«አዴ ዘርፉ፣ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ምድር ቤት እየኖርኩ እኔም ገንዳው ሲርቀኝ ከአጥሩ ሥር ጥዬ እገባለሁ። ይኼን ደረጃ የሠራ ሰው ቆሻሻ ይዞ ወርዶበት አያውቅም። ደረጃው በሚታጠፍበት ሁሉ ባዶ ቦታ አለ። ብሎኬት አምጡልኝ፣ እኔ የቆሻሻ ሣጥን እገነባበታለሁ።»

እሱ ሲናገር ሌላውም ደፈረ። ከሦስተኛ ፎቅ ብቻ አራት ሰው «እኔም» አለ። ሱሩር ፌስታሉን ቀስ አድርጎ ወንበር ሥር አስቀመጠ፤ ቤት መልቀቁም በዚያው ተረሳ።

በሁለት ሳምንት በየፎቁ፣ ከደጃችን አምስት እርምጃ ላይ፣ ክዳን ያለው ሣጥን ተሠራ። አንዱ ጎን ለልጣጭ፣ ሌላው ለሃይላንድና ለካርቶን ነው። ከጽዳት ማኅበሩ የምትመጣው ኤቢሴ በየጠዋቱ ታወርደዋለች፤ ሃይላንዱን ሸጣ ትጠቀምበታለች። በመስኮት የሚጥል ጠፋ። እኔ ስንት ዓመት ጮኼ ያላመጣሁትን መርዳሳ በጥቂት ብሎኬት አመጣው፤ እጁን ይባርከው።

ፈውዚያን ይቅርታ ለመጠየቅ ግን እፍረት ይዞኝ ቆየሁ። ሣጥኑ ሥራ የጀመረ ዕለት እንደምንም ወረድኩ።

«ለመሆኑ ያን ቀን ቦዩ ውስጥ ምን ልትሠሪ ገባሽ፣ ልጄ?» አልኳት።

የስፌት መኪናዋን መሳቢያ ከፈተች። ትንንሽ የመድኃኒት ከረጢቶች አወጣች፤ ለጉልበቴ ከፋርማሲ የሚሰጡኝ ናቸው። በእያንዳንዱ ላይ በእስክሪብቶ «ወ/ሮ ዘርፉ» ተብሎ ተጽፏል።

«ፌስታሉ ውስጥ ስምዎ አለበት፣ እትዬ። ሰው ሳያየው ብዬ በየጠዋቱ አነሣው ነበር።»

«ቤትሽን ልትለቂ ስትይ እንኳ አትናገሪም?»

«እርስዎን? በሰው ፊት? አፌስ እሺ ይለኛል?»

«እግዜር ይስጥሽ» ማለት አነሰብኝ። እጇን ያዝኩና ሳምኩት። «ኧረ እትዬ፣ በአላህ!» እያለች ልትነጥቀኝ ታገለች፤ እኔ ግን አልለቀቅኳትም።