የታችኞቹ ተራ

«ትሪውን ለእኔ ስጪኝና አንቺ አረፍ በይ» አለቻት አክስቷ።

ልጅቷ ትሪውን ሰጠች እንጂ አላረፈችም። ዓይኗ ከበሩ ጥግ ተቀምጠው ከሚንሾካሾኩት ሁለት ገበሬዎች አልነቀል አለ። ስትጠጋ ዝም ይላሉ፤ ፈቀቅ ስትል ይቀጥላሉ።

አባቷ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት የከተማዋን የመስኖ ቦይ ሲከፍትና ሲዘጋ ኖሯል። የውሃውን ተራ የሚይዘው በቃሉ ነበር፤ ሞቱ ድንገት ሆነና ለማንም ሳይነግር ሄደ። የቦዩ መዝጊያ ቁልፍ አሁን ከእሷ ዘንድ ነው። ማሳቸው ከላይ በኩል ያሉት መጥተው ይነጥቁኝ ይሆን እያለች ስትሰጋ ሰንብታለች።

ፍርሃቷ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሁለቱ አንዱ፣ ሪዛሙ የሚሉት የላይኛው ገበሬ፣ ልጅ ሳለች ዱላ ይዞ ደጃቸው መጥቶ ያውቃል። ዝናብ የቀረበት ዓመት ነበር። አባቷ ተራቸው ነው ብሎ ውሃውን ማሳቸው ከታች ላሉት፣ ለታችኞቹ፣ ለቀቀ፤ የሪዛሙ ሽንኩርት ደረቀ። የአባቷም የራሱ ቲማቲም አብሮ ደረቀ። እናቷ አንድ ወር ሙሉ አኮረፈችው።

«ለራስህ እንኳ አታስብም?» ስትለው፣ «ከራሴ ማሳ ብጀምር ነገ ማን ያምነኛል?» አላት።

ሪዛሙ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ እንደነፈገው ኖረ። ታዲያ ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ቤት ያልጠፋው ምን ፈልጎ ነው?

አልቻለችም። ሄዳ ፊታቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ምን እያላችሁ ነው? ለእኔም ንገሩኝ።»

ሪዛሙ አቀረቀረ። «ሽንኩርቱ ጠወለገ፣ ልጄ። የሁላችንም። ሐዘን ቤት ተቀምጠን ውሃ ልቀቂልን ማለቱ አሳፈረን።»

«ተራው የማን ነው?» አለችው።

ጓደኛው ቀና ብሎ ሪዛሙን አየው። ከታችኞቹ አንድም ሰው በቤቱ አልነበረም፤ ሪዛሙ የእኔ ነው ቢል የሚያስተባብለው የለም።

«የታችኞቹ ነው» አላት።

ተያይዘው ወደ ቦዩ ወረዱ። ቁልፉን ከፍታ የመዝጊያውን ብረት በሁለት እጇ አዞረችው። ውሃው እያጉረመረመ ወጣ፤ የሪዛሙን የጠወለገ ማሳ ጥግ ጥጉን አልፎ ወደ ታች ነጎደ። እሱ በዓይኑ ሸኘው።

እሷ ከቦዩ ዳር በርከክ ብላ ሦስት ቀን ያልታጠበ ፊቷን በእፍኟ ታጠበች። እጇን ግን ከፊቷ አላነሳችም። ሪዛሙ ፊቱን ወደ ማሳው አዙሮ ጠበቃት።