የሰዓት ጥያቄ

ሽመክት ለዳንግላ እንግዳ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት ብቸኛው የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኖ ተቀጠረ። ባሕር ዳር ያለው ዋናው ቢሮ ለደኅንነት ሲል ሰዓት በኔትወርክ የሚመጣበትን ፖርት የተባለ መግቢያ ዘግቶታል። ስለዚህ በየጠዋቱ እዚያ ለምትሠራው ለሜላት እየደወለ ሰዓቱን ይጠይቅና ኮምፒውተሮቹን በእጁ ያስተካክላል። ውሎ አድሮ ስለ ዝናቡም ስለ ቤተሰቧም ይጫወቱ ጀመር። ሌላ የሚያወራው ሰው አልነበረውም።

አንድ ቀን ሜላት ራሷ ደወለች።

"እንኳን ደስ ያለህ! ፖርቱን አስከፈትኩልህ። ከእንግዲህ ሰዓቱ በራሱ ይስተካከላል።"

አመሰገናት።

በማግስቱ ሁሉም ኮምፒውተሮች ልክ ነበሩ። ሽመክት ግን ደወለላት።

"ምነው፣ ሰዓቱ ተዛባ እንዴ?"

"አይ፣ ልክ ነው።"

ሥራ በዝቶባት ስለነበር ቶሎ ተሰናበተችው። እሱም መስኮቱ አጠገብ ቆሞ ወደ ገበያ የሚያልፉትን ጋሪዎች ሲያይ አረፈደ።